ልጁን የፈራው ሕግ

በጁን 1983 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ካምፕ ዴቪድ ሆነው አንድ ፊልም አዩ፤ «ዎር ጌምስ» ይባላል። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።) ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለ ኒውክሌር መሣሪያ በተጠራ ስብሰባ ላይ ወሬውን አቋርጠው የፊልሙን ታሪክ ይተርኩ ጀመር። ከዚያ ወደ ኤታ ማዦር ሹሙ ወደ ጄኔራል ጆን ቬሲ ዞረው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በእውን ሊደርስ ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ። ጄኔራሉ አስጠንተው ሲመለሱ ነገሩ ከታሰበውም የከፋ ነው አሏቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሬገን ስለ መንግሥት ኮምፒውተሮች ጥበቃ መመሪያ ፈረሙ፤ ኮንግረስም የመጀመሪያውን የፌዴራል የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ አወጣ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ኮሚቴ ስለ ረቂቁ ያዘጋጀው ሪፖርት ፊልሙን በስሙ ይጠቅሰዋል።

እንግዲህ ይህን ፊልም እንደ ሕግ ሰነድም ማየት ይቻላል። እኔም ሰሞኑን እንደዚያ አድርጌ ነው ያየሁት።

ዴቪድ ላይትማን የሲያትል ልጅ ነው፤ ትምህርት የሚከብደው ሳይሆን የሚሰለቸው ዓይነት። ገና ገበያ ያልወጡ ጌሞችን ፍለጋ ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ቁጥር በቁጥር ሲያስደውል፣ ሳያውቀው የጦር ኃይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ጌም መስሎት የኒውክሌር ጦርነት ያስጀምራል፤ ማሽኑ ጨዋታን ከእውነት አይለይምና። የቀረው ሩጫ ነው።

እኔን የያዙኝ የይለፍ ቃሎቹ ናቸው። የትምህርት ቤቱን የይለፍ ቃል ዴቪድ የሚያገኘው ቢሮ ውስጥ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው። የጦር ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ደግሞ የሠራውን ሳይንቲስት ሕይወት ቆፍሮ የሞተ ልጁን ስም ሲያገኝ ነው። አንዱ በር በቸልተኝነት፣ ሌላው በሐዘን ተከፈተ። ስለ ሀከር ከተሠሩ ፊልሞች ብዙዎቹ አረንጓዴ ፊደል ስክሪን ላይ ያዘንባሉ፤ ይሄኛው ግን የሚሰበረው ማሽኑ ሳይሆን የሰው ልማድ እንደሆነ ገብቶታል።

የመክፈቻው ትዕይንት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት መኮንኖች ከመሬት በታች ሚሳይል እንዲተኩሱ ይታዘዛሉ፤ ልምምድ መሆኑን አያውቁም። አንደኛው ቁልፉን አላዞርም ይላል። አለቆቹ ከዚህ ምን ይማራሉ? ሰውየውን አውጥተን ማሽን እናስገባ። ዴቪድ ገና ፊልሙ ውስጥ አልታየም፤ ጥፋቱ ግን ተሠርቶ አልቋል። ፊልሙ የሚከሰው ጄኔራሎቹን ነው፤ ልጁማ ያገኘውን በር ነው የከፈተው። ሕግ አውጪዎቹ ግን ከሁለት ሰዓቱ ውስጥ ልጁን ብቻ ይዘው ወጡ።

በ1986 የሰፋው ሕግ የቆመው «ያለ ፈቃድ» በሚል ሐረግ ላይ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይተረጉመውም። (ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ውስጥም አለ።) ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? የይለፍ ቃሉ? ሳናነብ «እስማማለሁ» የምንለው ረጅም ጽሑፍ? ሰምና ወርቅ ቅኔ ውስጥ ሲሆን ደስ ይላል፤ የወንጀል ሕግ ውስጥ ሲገባ ግን ወርቁን የሚፈታው ዐቃቤ ሕግ ነው።

አሮን ስዋርትዝ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። በኤም አይ ቲ ኔትወርክ በኩል ጄስቶር ከተባለው የጥናት ጽሑፎች ማከማቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አውርዷል ተብሎ በ2011 ተከሰሰ። ጄስቶር በበኩሉ ከእሱ ጋር ተስማምቶ ነበር። የዐቃቤ ሕግ መግለጫ ግን እስከ 35 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ይላል። ለጥናት ጽሑፍ! ፍርድ ቤት ቀርቦ ሳይከራከር በጃንዋሪ 2013 ራሱን አጠፋ፤ 26 ዓመቱ ነበር።

ልክ በእነዚያ ወራት እዚያው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሌላ ኮምፒውተር እየተሰለለ ነበር። ባለቤቱ ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ ነው፤ ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እንዲከስ ፈቅዶለታል። እንደ ክሱ ከሆነ፣ በኢሜይል የደረሰው ፋይል ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ይዞ ገባ፤ የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፤ የቀዳውንም ኢትዮጵያ ወዳለ ሰርቨር ላከ። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የታችኛው ፍርድ ቤት በ2016 መዝገቡን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚውም በማርች 2017 አጸናው። ስለላው ተፈጽሟል አልተፈጸመም የሚለው ጭብጥ አንድም ቀን አልተሰማም።

ምክንያቱን ስታነቡት ፊልሙ ትዝ ይላችኋል። የውጭ መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ላደረሰው ጉዳት የሚከሰሰው ድርጊቱ በሙሉ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ከተፈጸመ ነው፤ እዚህ ግን ሐሳቡም ትእዛዙም የመጣው ከውጭ ነው ተባለ። ዳኞቹ ይህን ከኪሳቸው አላመጡትም፤ ሕጉ የ1976 ነው፤ መንግሥታት እርስ በርስ በየፍርድ ቤቱ እንዳይጎታተቱ የሚል ያረጀ ግን የሚገባ ሐሳብም አለው። ቢሆንም ሀኪንግ ማለት እኮ ሰውየው በሌለበት መግባት ነው! ዴቪድ ሲያትል መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ኮሎራዶ ተራራ ሥር ያለ ማሽን ሲከፍት፣ ወንጀሉ የት ተፈጸመ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ኤፍ ቢ አይ አፈፍ አድርጎ ነው የወሰደው። በአንድ ልጅ ላይ ርቀት አላስቸገረም፤ በመንግሥት ላይ ሲሆን ርቀቱ ራሱ መከላከያ ሆነ።

የኪዳኔን ቤት ፊልም አድርጎ የሠራው የለም፤ ለምን እንደሆነም አይጠፋኝም። ፋታ የማይሰጥ ሩጫ የለውም፤ የሚቆጥር ሰዓት የለውም፤ የሚያየው ሰውዬ ፊት የለውም። ያለው አንድ የቤተሰብ ኮምፒውተር ነው፤ አባት ስካይፕ ያወራበታል፤ ልጁ ለትምህርት ቤት የታሪክ ሥራ ኢንተርኔት ላይ ይፈልግበታል። በክሱ መሠረት፣ የልጁም ፍለጋ አብሮ ተቀድቷል።