ነጩና ጥቁሩ፦ የአጅራክ ኅትመት አመዛዘን

አጅራክ በፓኪስታን የሲንድ ክፍለ ሀገርና በሕንድ ጉጅራት ግዛት በምትገኘው በከች አውራጃ፣ ኻትሪ በሚባሉ የአታሚ ቤተሰቦች እጅ የሚሠራ፣ በተቀረጸ የእንጨት ማኅተም እየታተመ በተፈጥሮ ቀለም የሚነከር የጥጥ ጨርቅ ነው። በቀይና በሰማያዊ መደብ ላይ የተዘረጉት ኮከብ መሰል ሐረጎች ዓይንን ፈጥነው ስለሚማርኩ፣ አብዛኛው ገዢ ጨርቁን የሚመዝነው በሐረጉ ውበትና በቀለሙ ድምቀት ነው። ሐረጉ ግን ከአባት ለልጅ የወረደና ከአታሚው ይልቅ የማኅተም ቀራጩን ጥበብ የሚያሳይ በመሆኑ፣ የአታሚው ብቃት የሚነበበው ሰው እምብዛም በማያስተውላቸው በሁለት ነገሮች፣ በነጩ መስመርና በጥቁሩ ቀለም ላይ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሬው ጨርቅ በመጀመሪያ በጉሎ ዘይት፣ በሶዳና በግመል ፋንድያ ተዘፍዝፎ ቅባቱና ሙጫው እንዲለቅ ከታጠበ በኋላ፣ ሀርዳ ከሚባለው ፍሬ በተዘጋጀ ውሃ ይነከራል፤ ፍሬው ታኒን የተባለውን፣ ቆዳ አልፊዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ንጥረ ነገር ስለያዘ ጨርቁ ቢጫ ይሆናል። ከዚያም ኖራና የግራር ሙጫ ተለውሶ በማኅተም ይታተማል፤ ይህ ልውስ ቀለም እንዳይገባ የሚከላከል በመሆኑ፣ ያረፈበት ስፍራ እስከ መጨረሻው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ የሚገኘው ቁርጥራጭ ብረት ከሸንኮራ አገዳ ጥሬ ስኳር ጋር ለቀናት ከፈላ በኋላ፣ በሁመር ዘር ዱቄት ወፍሮ በማኅተም ሲታተም፣ ብረቱ ከታኒኑ ጋር ተዋሕዶ በመጥቆሩ ነው። ቀይ እንዲሆን በታሰበው ስፍራ ላይ ደግሞ አሉም የተባለው የማዕድን ጨው ከሸክላ ጭቃና ከሙጫ ጋር ይታተማል፤ አሉም ራሱ ቀለም ሳይሆን ቀለም አስያዥ ነው። ጨርቁ ኢንዲጎ በተባለው ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ከታጠበ በኋላ፣ ማደር ከተባለው ተክል ሥር ጋር ሲቀቀል ቀዩ አሉም ባለበት ብቻ ይጣበቃል።

ስለዚህ ነጩ መስመር የሥራው ሁሉ ምስክር ነው። ልውሱ ከቀጠነ ኢንዲጎው ከሥሩ ሾልኮ መስመሩን ያደበዝዘዋል፤ ከወፈረ ደግሞ እየደረቀ ይሰነጠቅና ሰማያዊ ጅማቶች በነጩ ላይ ይሮጣሉ። በጥሩ ሥራ ላይ ነጩ በጠርዙ የጠራ ሲሆን፣ ቀለሙ ግን እንደ ወረቀት መንጣት የለበትም፤ ከማደሩ ድስት የወጣ ጨርቅ ጥቂት የክሬም ቀለም ይዞ ቢቀር ተፈጥሯዊ ነው። ሮዝ ቅላት ከቀረበት ግን ከመጨረሻው እጥበት ላይ ድካም ተቆጥቧል ማለት ነው፤ እጥበቱም የብዙ ውሃ ጉዳይ ነው። በጥር 2001 እ.ኤ.አ. ከችን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በዳመድካ የነበሩ በርካታ አታሚዎች መንደራቸውን ትተው፣ በቡጅ ከተማ አቅራቢያ አጅራክፑር የተባለችውን አዲስ መንደር የመሠረቱት በዋነኛነት የውሃው ሁኔታ ስለተለወጠባቸው ነበር።

ጥቁሩን ለመመዘን ዓይን ብቻ አይበቃም። ብረት ከመጠን በላይ ከበዛ የጥጡን ክር እያደር ስለሚበላው፣ ከዓመታት በኋላ ቀዩና ሰማያዊው ደህና ሆኖ ሳለ ጥቁሩ ብቻ እየተቦጨቀ ይወድቃል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ጥቁሩን መስመር መመልከት፣ በጣትም ቀስ አድርጎ ማጠፍ ይገባል፤ በጥሩ ሥራ ላይ ጥቁሩ ከሌላው የጨርቅ ክፍል ጋር እኩል ልስላሴ ሲኖረው፣ በመጥፎው ላይ ሻካራና ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ወደ ቡናማ ያደላ ጥቁርም የታኒኑ ወይም የብረቱ ዝግጅት ጉድለት ምልክት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ጨርቁ መገልበጥ አለበት። የጥበብ ቀሚስ የምትገዛ ሴት የጥለቱን ጀርባ ገልብጣ የክሩን አያያዝ እንደምትመረምር ሁሉ፣ አጅራክንም የሚያውቅ ሰው ፍርዱን የሚሰጠው ከጀርባው ነው። ከአጅራክ ሁሉ የላቀው በሁለቱም ፊት የሚታተመው ነው፤ አታሚው የፊቱን ከጨረሰ በኋላ እያንዳንዱን ማኅተም በጀርባው ላይ በትክክል በፊተኛው መስመር አንጻር ማሳረፍ ስላለበት፣ ነጩ መስመር በሁለቱም በኩል ተገናኝቶ ከተገኘ ከዚህ የበለጠ የእጅ ብቃት ማስረጃ የለም። በአንድ ፊት ብቻ የታተመው በራሱ ነውር ባይሆንም፣ በሁለት ፊት ሥራ ዋጋ መሸጥ የለበትም።

በእጅ የተሠራ ነገር ሁሉ ጉድለት ሊኖረው ይገባል፣ ጉድለቱም ውበቱ ነው የሚለው በሻጮች ዘንድ የተለመደ አነጋገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። መስመሩን የሚያትመው ማኅተምና ውስጡን የሚሞላው ማኅተም በፀጉር ስፋት ቢዛነፉ ይቅር የሚባል ሲሆን፣ መዛነፉ ከአንዱ ማኅተም ወደ ሌላው እየተጠራቀመ ሄዶ ሐረጉ ከዳር ወደ ዳር ካዘነበለ ስንፍና እንጂ የእጅ ውበት አይደለም። በስክሪን የታተመ አስመሳይ ጨርቅ የሚለየውም ፍጹም በመሆኑ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ነጠብጣብ በእኩል ርቀት፣ በእኩል ድምቀትም ስለሚደጋገምበት ነው። ጫፉ የተሰበረ የእንጨት ማኅተምም ያንኑ ስብራት ይደጋግማል፤ ነገር ግን አታሚው ማኅተሙን በየጊዜው ቀለም ውስጥ ሲነክረውና በእጁ ሲመታው የሚያርፈው መጠን ስለሚለያይ ድምቀቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለት ዳሮች የሚገናኙበት ማዕዘንም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ጥንቁቅ አታሚ አንዱን ዳር ሸፍኖ ሌላውን በማተም ሐረጎቹን በሰያፍ ሲያገናኛቸው፣ ቸኳዩ አንዱን በሌላው ላይ ይደርበዋል።

ቀለሙ ተፈጥሯዊ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሰው የሚታለልበት ነው። ከማደር ሥር የሚገኘው ዋናው ቀይ ንጥረ ነገር፣ አሊዛሪን፣ በ1868 እ.ኤ.አ. በጀርመን በኬሚካል መንገድ ተሠርቷል፤ ኢንዲጎም በ1897 እ.ኤ.አ. በፋብሪካ ለገበያ ቀርቧል። ሰው ሠራሹና ተፈጥሯዊው በኬሚካል ቅንብራቸው አንድ ስለሆኑ፣ በዓይን አይቶ ይህ ከተክል ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ከሚያውቀው በላይ ይናገራል፤ የማደር ሥር ከአሊዛሪን ሌላ ፑርፑሪንና የመሳሰሉ ቀለሞችን አብሮ ስለሚይዝ ልዩነቱን የሚያወጣው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ገዢ በእጁ ሊያደርገው የሚችለው ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ማሸት ነው፤ አዲስ ኢንዲጎ ጥቂት ሰማያዊ ቢለቅ የተለመደ ሲሆን፣ ቀዩ ከለቀቀ ግን አሉሙ በደንብ አልያዘም ወይም ቀለሙ ጭራሽ የአጅራክ ሥርዓት ቀለም አይደለም።