የጎርጎራ ግምብ ግማሽ ንባብ

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ፣ የቆመውን የማርያም ግምብ ፍርስራሽ የሚያወድሱ ጽሑፎች ስለ ጥርብ ድንጋዩና ስለ ኖራው ብዙ ይላሉ። አድናቆቱ ተገቢ ነው፤ ንባቡ ግን ግማሽ ነው። ጎርጎራ በ17ኛው መቶ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የጸሎትና የማስተማሪያ ሥፍራ ነበር፤ የተነሣውም የወደቀውም በቋንቋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1603 የገባው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ ተምሮ፣ ዜና መዋዕሎችን ወደ ፖርቱጋልኛ እየመለሰ የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፈ፤ በ1622 በጎርጎራ ዐረፈ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ከመስማት ይልቅ ማዘዝን መረጠ፤ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም እንዲካኑ ጠየቀ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 አፄ ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ።

ለዘይላ ጎረቤት የአንዲት ቃል ዋጋ እንግዳ አይደለም። ጄሮኒሞ ሎቦ እንደ ጻፈው፣ የንጉሡ ጸሐፊ «ደንከል» ለማለት «ዘይላ» ብሎ በመጻፉ ሁለት ሚሲዮናውያን በዚያ በኩል መጥተው ተገደሉ።

ከግምቡ ብዙ ሳይርቅ፣ ሣር የተከደነችው የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ዛሬም ይቀደስባታል። ክዳኗ ባረጀ ቁጥር የሚያድሰው፣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሕዝብ አላት። ግምቡን የሚገልጽ ብዕር ይህችንም ጎረቤቱን ካላነበበ፣ ድንጋዩን ቆጥሮ ታሪኩን ረሳ ማለት ነው።