የላሊበላ ጉዞ፣ የመጀመሪያው ቀን

ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄደው የማኅበር አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ሌሊት በጸሎት ይነሳል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መድረሻው ነው፤ እኔ ግን ደሴ የሚታደርበትን የመጀመሪያውን ቀን፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ፣ አብልጬ እወዳለሁ።

እስከ ደብረ ብርሃን ሁሉም እንቅልፉን ይጨርሳል። ጉዞው የሚጀመረው ጣርማ በር ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ አውቶቡሱን ውጦ በደብረ ሲና ቁልቁለት ይተፋዋል። ጆሮ ይደፈናል። አስተባባሪው ፌስታል ያድላል። አንዲት እናት ሎሚ በጥፍራቸው ጫር አድርገው ያሸቱና፣ ሳይጠየቁ፣ ከኋላቸው ፊቱ ለገረጣው ጎረምሳ ያቀብላሉ። ሌሊት ስሙን እንኳ የማያውቁት ልጅ ሸዋ ሮቢት ሳይደረስ «ልጄ» ሆኗል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ነው፤ ሹፌሩም ይገዛል። ጾም ስለሆነ ምሳው ያው ሽሮና ዳቦ፣ በሶም አለ፤ ግን የሁሉም ምሳ ዕቃ በአንድ ላይ ስለሚከፈት የማን ሽሮ እንደሚበልጥ መከራከር አይቀርም። ከበሮው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ዝማሬው የሞተሩን ጩኸት ይሸፍነዋል።

አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ ከጎን ከተቀመጠው ሰው ጋር ግን ሳያስተዋውቅ ነው። አቅሙና ጊዜው ካለዎት በአውቶቡስ ይሂዱ። ጋቢዎን ግን ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፤ ጣርማ በር ላይ ይፈልጉታል።