ለወዳጅ መሞትና ደም መመለስ

«ካስክ ዶር» ዣክ ቤከር ያዘጋጀውና በ1952 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ የፈረንሳይ ፊልም ነው። ርእሱ «የወርቅ ቁር» ማለት ሲሆን፣ ማሪ በወርቃማ ጸጉሯ ያገኘችው ቅጽል ስም ነው። ማሪን ሲሞን ሲኞሬ፣ ማንዳን ደግሞ ሰርጅ ሬጂያኒ ይጫወታሉ።

ታሪኩ የፓሪስ ወሮበሎች ታሪክ ነው። ማንዳ ከእስር ወጥቶ በአናጺነት፣ በላቡ የሚያድር ሰው ነው። ማሪን ይወዳል፤ በእሷም ምክንያት ከቡድኑ አባል ከሮላን ጋር በጩቤ ተጣልቶ ይገድለዋል። ከዚያ ሁለቱ ገጠር፣ ወንዝ ዳር ጥቂት ቀን በደስታ ያሳልፋሉ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ገብተው የሌሎችን ሰርግ ቆመው ያያሉ። ማሪ ዐይኗን መንቀል ያቅታታል። ፍቅር እንዳላቸው፣ ፍቅራቸው የሚያርፍበት ቤት ግን እንደሌላቸው ቤከር ያለ ብዙ ንግግር ያሳየናል።

የወሮበሎቹ አለቃ ሌካም ማሪን ይመኛል። ስለዚህ የማንዳን ወዳጅ ሬይሞንን በግድያው አስወንጅሎ ያሳስረዋል። ማንዳ ይህን ሲሰማ ማሪን ትቶ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። ዮሐንስ 15፥13ን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ልቡ ይነካል።

የእኔ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ሲያመልጡ ሬይሞን በጥይት ይሞታል፤ ማንዳም ሌካን ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አሳድዶ ይገድለዋል፤ በመጨረሻም አንገቱ ይቀላል። ታሪኩ የተወሰደበት የ1902ቱ እውነተኛ ማንዳ ወደ ጉያና በግዞት ተላከ እንጂ አልተገደለም። ሞቱን የመረጠው ዳይሬክተሩ ነው። ይህን ሲያደርግም እጅ መስጠቱንና ደም መመለሱን በእኩል ክብር አቀረበልን።

ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በአንደኛው ማንዳ የራሱን ሕይወት ሰጠ፤ በሁለተኛው የሌላውን ወሰደ። በእኛ በሸዋ ደም የመለሰ ሲወደስ፣ ያልመለሰ ሲነቀፍ ሰምተን ያደግን ወጣቶች ይህን ልዩነት ልናጤነው ይገባል። ሽማግሎቻችን ባላጋሮችን ለማስታረቅ የሚደክሙትም ለዚሁ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚለያዩአቸው የዘር ወግና የመንገድ ሽፍቶች ናቸው። ማንዳን ከማሪ የለየው ግን የገዛ እጁ ነው።

ፊልሙን ስታዩ፣ ጀግንነቱ ሲያስደንቃችሁ፣ ማሪን አትርሷት፤ የወዳጇን ሞት በመስኮት ቆማ የምታየው እሷ ናትና።