«ፊትህን ታጠብ» የሚለው ፖስተር ያልነገረን ነገር

ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ደባርቅ የምትወጡ ከሆነ ዳባትን ማለፍ ግድ ነው። ባለፈው ክረምት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጤና ኬላ ደጅ ላይ ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል፤ የሚታይ ነገር ቢኖር ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፖስተር ብቻ ነው። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሰዓት ውጤት ነው።

ሥዕሉን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ከጆግ በሚወርድ ውሃ ፊቱን ይታጠባል። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ፈገግ ብላ ታየዋለች። በስተቀኝ በኩል ጥርሱ ያገጠጠ አረንጓዴ ፍጥረት ከውሃው እየሸሸ ይሮጣል፤ ሆዱ ላይ «ጀርም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥር ደግሞ በትልልቅ ፊደል፦ «ፊትህን ታጠብ፣ ከትራኮማ ራስህን ጠብቅ!»

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ሠዓሊው የሣለው የእኛን አገር ልጅ ነው፤ ቤቱም፣ ጆጉም፣ ነጠላውም የእኛው ነው። ከውጭ መጽሐፍ ከተገለበጠ ሥዕል በብዙ ይሻላል። ምህንድስና የተማረ ሰው ስለ ሥዕል ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔ የተማርኩት ስለ ውሃ ነው፤ ፖስተሩ ደግሞ «ውሃ ይህን በሽታ ያጠፋል» የሚል የምህንድስና አቤቱታ አለው። አቤቱታ ካለ መመርመር አለበት።

ለእኔ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አያቴ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታስር ነበር። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ፣ ትንሽ መስታወት ይዛ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይኗን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ትነቅላለች። ልጅ ሆኜ ሁሉም አያት እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። በየቤቱ «የዓይን ማዝ» የሚባለው ትራኮማ መጨረሻው ይህ ነው፤ የቆቡ ፀጉር ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል፣ ብሌኑ ይጠባሳል፣ ብርሃን ይጠፋል።

አሁን ወደ አረንጓዴው ፍጥረት እንመለስ።

በሽታውን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ቆዳ ላይ እንደ ጭቃ የሚለጠፍ አይደለም። ከሕዋስ ውጭ መራባት ስለማይችል የዓይን ቆባችን ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሶች ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ይበዛል፣ ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል፣ ወደ ጎረቤት ሕዋስ ይሄዳል። ስለዚህ አንዴ ከገባ በኋላ የፈሰሰ ውሃ አያገኘውም። መታጠብ ሊያግዝ የሚችለው ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው የሚሄደውን የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ በመቀነስ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን «ታጠብና ትድናለህ» እና «ታጠብ፣ ምናልባት ወንድምህን ታተርፋለህ» አንድ አይደሉም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዓይንን የሚያጠፋው ጠባሳ የባክቴሪያው ጥርስ ሥራ አይደለም። የራሳችን የመከላከያ ሥርዓት በየጊዜው ከሚመላለሰው ኢንፌክሽን ጋር ሲዋጋ የሚተወው ቁስል ነው። አንድ ኢንፌክሽን አያሳውርም፤ ከልጅነት ጀምሮ ዓመት ከዓመት የሚደጋገመው ነው የሚያሳውረው። ሕፃናትን ሲያቅፉ፣ ሲጠርጉ፣ አብረው ሲተኙ የሚውሉት ሴቶች ከወንዶች ይልቅ የሚጎዱትም ለዚህ ነው። እስቲ አስቡት፦ እናት በዚያው በአንድ ነጠላ ጫፍ የሦስት ልጆቿን ዓይን ትጠርጋለች። ፖስተሩ ላይ ያለችውን ነጠላ ያየኋት ያኔ ነው። እናቲቱ ጌጥ አድርጋ የለበሰችው፣ ምናልባት ከጆጉ በላይ የታሪኩ አካል የሆነው ነገር ነበር።

ወደ ዋናው አቤቱታ እንሂድ። የፊት ንጽህና ትራኮማን ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ የመጣው በብዛት ከምልከታ ነው። ፊታቸው የቆሸሸ ልጆች ትራኮማ ይበዛባቸዋል፤ ይህ በብዙ አገር ታይቷል። ነገር ግን ቀስቱ ወደየት ነው የሚያመለክተው? ዓይኑ የታመመ ልጅ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አይናር ይይዛል፣ ዝንብ ይወረዋል፤ ስለዚህ ፊቱ ይቆሽሻል። የድስቱ ክዳን ስለተንቀጠቀጠ ነው ውሃው የፈላው ብሎ እንደ መደምደም እኮ ነው። ይህን ለመለየት አንዱ መንገድ ሙከራ ነው፤ መንደሮችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ውሃና ሳሙና መስጠት፣ ከዚያ ጠብቆ መቁጠር።

ይህ ሙከራ ተሠርቷል፤ የተሠራውም ሩቅ አገር አይደለም። ከስሜን በስተምሥራቅ በዋግ ኽምራ 40 የገጠር ቀበሌ አካባቢዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን የውሃ ነጥብ ተሠራ፣ ለየቤቱ መታጠቢያና ሳሙና ተሰጠ፣ ቤት ለቤት ትምህርት ተሰጠ፣ ትምህርት ቤትም ገባ። ሦስት ዓመት ክትትል ተደረገ፤ የሕፃናቱ ዓይን ናሙና ላቦራቶሪ ሄደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጣ፦ በሁለቱ ወገኖች መካከል በባክቴሪያው ሥርጭት ላይ ልዩነት አልታየም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «እንግዲያው መታጠብ ከንቱ ነው» ብላችሁ የምትሮጡ ከሆነ ሙከራውን አላነበባችሁትም። ዋግ ደረቅ አገር ነው፤ ሦስት ዓመት አጭር ሊሆን ይችላል፤ ውሃና ሳሙና ደግሞ ተቅማጥን ጨምሮ ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማል። ሙከራው የሚለው ይህን ያህል ነው፦ በዚህ መጠን፣ በዚህ መንገድ፣ በዚህ አካባቢ የቀረበ ንጽህና ብቻውን ትራኮማን አልገታም። ይህ ግን ፖስተሩ ላይ ላለው የቃለ አጋኖ ምልክት በቂ ጥያቄ ነው።

ውሃው ነው ችግሩ? እስቲ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ስድስት ሰው ያለበት ቤት፣ እያንዳንዱ በቀን ሁለት ጊዜ ሩብ ሊትር ቢታጠብ 3 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በጀርባ አዝላ ዳገቱን የምትወጣው ልጅ ከዚያ ውስጥ 3 ኪሎውን ለፊት ተሸከመች ማለት ነው። የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን ነፃም አይደለም። የደባርቅን የኅዳር ጠዋት የምታውቁ ደግሞ ውሃው እንኳ ቢኖር በዚያ ብርድ አራት ዓመት ልጅ ፊት ላይ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ከታጠበ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ንፍጡ ይመለሳል። ፖስተሩ «ታጠብ» ሲል አንድ ቅጽበት ነው የሣለው፤ በሽታው ግን ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው።

ለአያቴ ፖስተሩን ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ዝንቡስ የት አለ?» የለም። አንድም ዝንብ አልተሣለም። በዓይን ዙሪያ የሚሰበሰበው የዝንብ ዓይነት የሚራባው በዋናነት ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አይመቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት ላይ በታተመ የጋምቢያ ሙከራ መድኃኒት መርጨት በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፉትን ዝንቦች በ88 በመቶ፣ መጸዳጃ ቤት መሥራት ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ዓይን የጎረቤቱ መጸዳጃ ቤት ከራሱ ጆግ ያልተናነሰ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። «ፊትህን ታጠብ» ግን ለአንድ ልጅና ለአንዲት እናት የተላከ ትእዛዝ ነው። ልጁ ከታመመ ጥፋቱ የማን ሆነ? የእናቲቱ። ፖስተሩን ስተቸው በጣም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ መጠለያ ውስጥ በሸራ ቤት ያለች እናት ይህን ስታነብ ምን ትበል?

እንግዲህ ፖስተሩ ጨርሶ የዘለለው ነገር አለ፤ መድኃኒቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ስትራቴጂ አራት እግር አለው፦ የተቀለበሰ ቆብን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽህና፣ የአካባቢ ንጽህና። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ክልሉ ውስጥ ሕዝብ በሙሉ በየዓመቱ አዚትሮማይሲን ሲውጥ ቆይቷል። ወረፋ ይዛችሁ ቆማችሁ፣ በቀለም የተመደበች ዘንግ አጠገባችሁ ቆማ፣ በቁመታችሁ ልክ እንክብል ወይም ሽሮፕ የተሰጣችሁ አላችሁ አይደል? ሚዛን ተሸክሞ ገደል ከመውጣት በቁመት መገመት። እንደ መሐንዲስ የምወዳት መሣሪያ ናት።

እዚህ ጋ ነው አረንጓዴው ጭራቅ በጣም የሚያሳስተን። ፖስተሩ ላይ አንድ ጀርም አለ፤ እሱም ጠላት ነው። አዚትሮማይሲን ግን ስም ጠርቶ አይገድልም፤ ሆድ ውስጥም አፍንጫ ውስጥም ያሉትን ይነካል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ የተሠሩ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2009 ጃማ ላይ የወጣው ነው፤ መድኃኒቱን በወሰዱ መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት ነፍስ አዳነ። ሁለተኛው በዓመቱ ፕሎስ ሜዲስን ላይ ወጣ። በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች፣ በልጆች አፍንጫ ውስጥ የሚኖረውና የሳንባ ምች ሊያመጣ የሚችለው ኒሞኮከስ መድኃኒቱን የመላመድ መጠኑ ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ ዘለለ። ባልወሰዱት መንደሮች በዚያው ጊዜ 9.2 በመቶ ነበር። የትራኮማው ባክቴሪያ ራሱ ግን በአማራ ክልል ከዓመታት እደላ በኋላ ጂኖሙ ሲነበብ መድኃኒቱን የመላመድ ምልክት አልታየበትም። ዒላማው አልተላመደም፤ ጎረቤቱ ተላመደ። ይህን በአንድ ጭራቅ መሣል አይቻልም።

እነዚህን ሁለት ጥናቶች ሳነብ መድኃኒቱን ለመቃወም አልበቃሁም። አያቴን ያየ ሰው አይቃወምም። ነገር ግን በዘንግ ተለክቶ የሚውጥ ልጅ ምን እንደሚውጥ የማወቅ መብት ያለው ይመስለኛል፤ ፖስተር ሲሠራለትም እንደሚገባው ታምኖ ቢሠራለት።

«ለልጅ ቀለል አድርጎ መንገር ይሻላል» የሚል መልስ እሰማለሁ። የእኛ አገር ልጅ ግን ረቂቅ ሕይወትን በሥራ ያውቃታል። እማዬ እርሾ ጎረቤት ስታበድር፣ ጠላው ሲፈላ ጋኑ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ፣ ወተቱ ሲረጋ፤ ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው። ከደባርቅ ወጣ ብላችሁ ሳንቃበር ላይ ሣር የሚነጩትን ጭላዳዎች ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እዚያ የሚከታተሏቸው ተመራማሪዎች የጭላዳዎቹን እዳሪ ሰብስበው የአንጀታቸውን ባክቴሪያ አጠኑ፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። በዝናብ ወቅት ለምለም ሣር ሲበዛ የሣሩን ጭረት የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። በበጋ ጭላዳዎቹ መሬት ቆፍረው ሥራሥር ሲበሉ ደግሞ ስታርች የሚሰባብሩት ይተካሉ። ያለ እነዚህ «ጀርሞች» ጭላዳ ሣር በልቶ አይኖርም። ጤና ኬላው ደጅ ከተለጠፈው ጭራቅ እስከ ሳንቃበር ድረስ የመኪና መንገድ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሩን ከፈተችና ፖስተሩ ላይ መቆሜን አይታ ሳቀች። «ምን አገኘህበት?» አለችኝ። ዝንብ እንደሌለው ነገርኳት። ገባችና ማርከር ይዛ ወጣች፤ የልጁ ዓይን አጠገብ ሁለት ነጥብ አደረገች፣ ክንፍ ጨመረችባቸው። ከዚያ ትንሽ አስባ የእናቲቱ ነጠላ ጫፍ ላይም አንድ ጨመረች።