ጉልበትን ጠይቆ ልብን መከተል

በአርባ ምንጭ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመረመረው ለወባ ነው። በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ባለው ቆላ ይህን አለማድረግ ጥፋት ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ትኩሳትና የጉልበት ሕመም ይዞ መጥቶ ደሙ ውስጥ የወባ ተህዋሲ ከተገኘ፣ ጉዳዩ እዚያው ያለቀ ይመስላል፤ መድኃኒቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወባ ግን ሰውነት ይቆረጥማል እንጂ ጉልበት አያሳብጥም። ጉልበቱን በእጁ የዳሰሰ ባለሙያ እናቱን አንድ ነገር ጨምሮ ይጠይቃል፦ «እናቴ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር?» የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የማክማቸውና የማጠናቸው ሕመሞች የሰውነት መከላከያ ወገኑን ከጠላት መለየት ሲያቅተው የሚነሡ ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የእጅ ጣቶችን ትንንሽ መገጣጠሚያዎች እየበላ ያጣምማል። ሉፐስ ከፊት ቆዳ ተነሥቶ ኩላሊት ድረስ ይወርዳል። ልጆችን በተመለከተ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያቆስላል። ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያዘጋጃቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከልብ ሥጋና ከልብ ቫልቭ ጋር የሚመሳሰል ቅርጽ አጥቅተው ስለለመዱ፣ ጉሮሮው ከዳነ በኋላ ወደ ራሱ ወደ ልጁ ይዞራሉ። በብዛት የሚያዙት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። እብጠቱ ዛሬ ጉልበት ላይ፣ ነገ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ከነገ ወዲያ ክርን ላይ ይገኛል። በአስፒሪን ቶሎ ይሽራል፤ መገጣጠሚያው ላይም ጠባሳ አይተውም። ቤተሰቡ ተመስገን ብሎ ጉዳዩን ይረሳዋል። የተነካው ቫልቭ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ልጁ ጎልምሶ ዳገት ሲያቅተው ወይም ልጅቷ አግብታ ስታረግዝ ይታወቃል።

እንግዲህ በአንድ ቀን ምርመራ ሙሉ በሙሉ የማይታይ በሽታ እንዴት ይጠናል? በዚህ ሙያ ስቆይ የያዝኩት እምነት ይህ ነው፦ የሩማቲክ ሕመም ምርምር ዋናው መሣሪያ ጊዜ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ጥያቄውም የደም ምርመራውም ማሽኑም፣ አንዱን ሰው ደጋግሞ ከማየት ጋር ካልተያያዘ ብዙ አይናገርም።

ከጥያቄው ልጀምር። በዶርዜና በቸንቻ ደጋ ሽመና የብዙ ቤት እንጀራ ነው። ሸማኔ ከማለዳ እስከ ማታ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያመላልስ ይውላል። እጄን ያመኛል፣ ወገቤን ያመኛል ቢል የሚገርም አይደለም። ታዲያ የድካም ሕመምን ከመገጣጠሚያ ብግነት በምን እለየዋለሁ? በሰዓቱ ነው። የድካም ሕመም ሲሠሩ ውለው ማታ ይበረታል፤ ሲያርፉ ይቀላል። የብግነት ሕመም ደግሞ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ያስራል፤ ሲንቀሳቀሱ ይፍታታል። «አባቴ፣ ጠዋት ጣትዎ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» ብዬ ብጠይቅ ትክክለኛ መልስ አላገኝም። «ቡና ከመፈላቱ በፊት ነው ወይስ ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ?» ስል ግን የማያሻማ መልስ ይመጣል። ከአንድ ሰዓት የዘለቀ መተሳሰር አንዱ ትልቅ ምልክት ነው። መጠይቁ ከውጭ መጽሔት እንዳለ የተገለበጠ ከሆነ ይህ መረጃ ያመልጣል፤ ያመለጠውንም በኋላ የትኛውም የስታቲስቲክስ ስሌት አይመልሰውም።

ደም ምርመራ ላይ ደግሞ የሚበዛው ስሕተት ውጤቱን ከሚገባው በላይ ማመን ነው። ኤ.ኤስ.ኦ. የሚባለው ምርመራ ሰውየው በቅርቡ ስትሬፕቶኮከስ እንዳገኘው እንጂ የሩማቲክ ትኩሳት እንደያዘው አይናገርም። የጉሮሮ ሕመም በሚመላለስበት አገር ብዙ ጤነኛ ልጅ ከፍ ያለ ቁጥር ይኖረዋል። ሩማቶይድ ፋክተርም እንዲሁ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ የቆየ የጉበት ቫይረስ፣ ወባ ራሱ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ከጣት ሕመም በቀር ምንም የሌለበት ሰው በአንድ ወረቀት ምክንያት ለዓመታት የማያስፈልገውን መድኃኒት ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለሚሠራ ጥናት የታማሚዎቹ ውጤት ብቻውን አይበቃም። ከዚያው ቀበሌ፣ በዚያው ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሰው ደምም አብሮ መታየት አለበት።

የማነጻጸሪያ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ጎረቤታችን ወላይታ ለዓለም አስተምሯል። ፖዶኮኒዮሲስ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው፤ የጋሞ ደጋም ያውቀዋል። አፈሩ አንድ፣ የእግር መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው? ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ባሳተሙት ጥናት፣ ልዩነቱ የሰውነት መከላከያን ከሚመሩት የኤች.ኤል.ኤ. ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ሕመሙ ከአፈሩ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ለአፈሩ ከሚሰጠው ምላሽ እንደሚመጣ የታወቀው ያልታመሙትም ስለተጠየቁ ነው።

ወደ ልብ ልመለስ። በኢትዮጵያ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምን ያህል ነው ለሚለው ሦስት የታወቁ መልሶች አሉ። ደጁማ ያደታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት፣ በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች በሚገኙ 3,238 ተማሪዎች ላይ በተሠራው የልብ አልትራሳውንድ ጥናት ከ1,000 ተማሪ 19 ያህሉ ላይ ምልክቱ ተገኘ። በ2015 የታተመው የጅማ ጥናት ከ1,000 ተማሪ 31 አለ። በ2017 የታተመውና በገጠር በማኅበረሰብ ደረጃ የተሠራው ደግሞ ቁጥሩን ከ1,000 ወደ 37 ገደማ አደረሰው። የቱ ነው ትክክል? እኔ ሦስቱንም አምናለሁ፤ የቆጠሩት ግን አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ትምህርት ቤት ሄዶ የሚቆጥር ሰው ትምህርት ቤት የመጣውን ያገኛል። ያቋረጠው፣ ከብት የሚጠብቀው፣ ደክሞት ቤት የቀረው አይቆጠርም። በጋሞ ደጋ ስለሚሠራ ጥናት ሳስብ መጀመሪያ የምጠይቀው «ያልመጣው ማን ነው?» ብዬ ነው።

ማሽኑም ቢሆን ገደብ አለው። ዛሬ በእጅ የሚያዝ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ይዞ ተራራ መውጣት ይቻላል። ቫልቩ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ቢያንጠባጥብ ይህ በሽታ ነው ወይስ የተፈጥሮ ልዩነት? እንዲህ ከታየባቸው ልጆች ገሚሱ ይሻላቸዋል፣ አንዳንዱ ይብስበታል፤ በዚያ ቀን ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በሰሜን ኡጋንዳ በ818 ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2022 የታተመው ጥናት መልስ የሰጠው ሁለት ዓመት በመጠበቅ ነው። በአልትራሳውንድ ብቻ የሚታይ ድብቅ ሕመም ካለባቸው ከእነዚህ ልጆች መካከል በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት የባሰባቸው ከ100 አንድ አይሞሉም፤ ካልወሰዱት ግን ከ100 ስምንት ያህሉ ባሰባቸው።

መርፌው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል፤ ያረጀና ርካሽ መድኃኒት ነው። ልቡ የተነካ ልጅ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መወጋት አለበት። የጋሞ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ከዶርዜና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ገና ልጅ ሆኖ ነው። ብዙ ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲተኛ የጉሮሮ ባክቴሪያው ከአፍ ወደ አፍ ይመላለሳል። ልጁ እዚህ ካርድ አለው፣ እዚያ የለውም። ስልኩ ይቀየራል። የቤት ስሙና የትምህርት ቤት ስሙ ይለያያል። ሁሉም ወደ አገሩ የሚመለሰው ለመስቀል ነው። ስለዚህ በዚህ ዞን የሚሠራ የክትትል ጥናት ሁሉ ቀጠሮውን በመስቀል ሰሞን ቢያደርግ ይሻላል፤ ከሰኔ ይልቅ በመስከረም የሚገኘው ሰው ይበዛል። ካርዱም የጎረቤት ስልክ፣ የአያት ስምና የሽሮ ሜዳ አድራሻ መያዝ አለበት።

ቫልቩ ፈጽሞ ከተበላሸ የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ብዙ ልጆችን አትርፏል፤ የአገሪቱን ወረፋ ሁሉ ግን አንድ ማዕከል አይችለውም። ከአርባ ምንጭ እስከዚያ ድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞችና የጤና ባለሥልጣናት በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተሰብስበው «የአዲስ አበባ መግለጫ» የሚባለውን የሰባት ነጥብ ዕቅድ አወጡ። የመጀመሪያው ነጥብ የታማሚዎች መዝገብ ማቋቋም ነበር። ማሽንም ላቦራቶሪም ያስፈልጋሉ፤ መዝገቡ ግን በሁለቱም መቅደሙ ትክክል ነው እላለሁ። ስለዚህ ቸንቻም ሆነ ቦንኬ፣ ዲታም ሆነ ገረሴ ያላችሁ የጤና ጣቢያ ባልደረቦች፣ የምርምር ገንዘብ እስኪመጣ አትጠብቁ። ባለ መስመር ደብተር ክፈቱ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የጎረቤት ስልክ፣ የመጨረሻው መርፌ ቀን፣ የሚቀጥለው ቀን። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ከያዘው፣ የወባው ምርመራ ምንም ቢል ጉሮሮውም እንዲታይ ጠይቁ።