ስፌቱን ማን ያንብበው?

ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በወረቀት ላይ የሰፈረን ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ የሰው እጅ የሠራው ዕቃም ይነበባል፤ ተሳስቶም ሊነበብ ይችላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን ተቋም የሚገኘው የማክፋርሌን ስብስብ ነው።

ሮድሪክ ማክፋርሌን የሀድሰን ቤይ ኩባንያ ነጋዴ ነበር። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ምዕራብ ካናዳ፣ በአንደርሰን ወንዝ አጠገብ በነበረው የንግድ ጣቢያ ሲሠራ፣ ኢኑቪያሉይት ከሚባሉት የኢኑይት ወገኖች ልብስ፣ ጫማ፣ የአደን መሣሪያና ሌሎችም ወደ 300 የሚሆኑ ዕቃዎችን አሰባስቦ ላከ። ተቋሙ እነዚህን ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ ማቆየቱ ያስመሰግነዋል። ስያሜው ግን ቅር ያሰኛል። ስብስቡ የሚጠራው በሠሪዎቹ ሳይሆን በሰብሳቢው ስም ነው። መጽሐፍን በደራሲው ሳይሆን በገዢው ስም እንደ መጥራት ነው።

በ2009 የኢኑቪያሉይት ሽማግሌዎች፣ ልብስ ሰፊ ሴቶችና ወጣቶች ወደ ስፍራው ሄደው ዕቃዎቹን በቅርብ አጠኑ፤ ከዚያም ዕውቀታቸውን ከፎቶግራፎች ጋር ያጣመረ የድረ ገጽ ዐውደ ርእይ ተዘጋጀ። የዚህ ሥራ ትልቁ ብልጫ አንባቢውን መለወጡ ነው። ሙዚየም «የቆዳ ጫማ» ብሎ የሚያልፈውን፣ ሰፊዋ ሴት በስፌቱ ታነበዋለች። ኢኑይት ውኃ የማያስገባ ጫማ ሲሰፉ መርፌው ቆዳውን በስቶ አያልፍም፤ በውፍረቱ መካከል ገብቶ ይመለሳል። ክሩ የእንስሳ ጅማት ስለሆነ ሲርስ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። በዚያ ብርድ እግሩ የራሰ አዳኝ በሕይወት ላይመለስ ይችላል። እንግዲህ ያ ስፌት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለባሏና ለልጇ የተጨነቀች ሴት ሥራ ነው።

ዐውደ ርእዩ ሊሻገረው ያልቻለው ወሰንም አለ። ፎቶግራፍ የቆዳውን ልስላሴና ክብደት አያቀብልም። ዕቃዎቹም ከሠሪዎቹ ልጆች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ይኖራሉ። ስለዚህ ድረ ገጹ የጉዞው መጀመሪያ እንጂ ምትክ ሊሆን አይገባም።

ለእኛ ለወንጌል አማኞች ደግሞ ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። በአንዳንድ የጥንት የኢኑይት ልብሶች ላይ፣ ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ የታመነበት የእንስሳ ጥርስ ወይም አጥንት ተሰፍቶ ይገኛል። ወደ አርክቲክ የሄዱ ሚሲዮናውያን በብዙ ስፍራ ከእንዲህ ያለው እምነት ጋር የከበሮ ጭፈራውንና የፊት ንቅሳቱንም ነቅፈዋል፤ ከልክለዋልም። ጥርሱ ያድናል ብለን ማመን አይጠበቅብንም። ነገር ግን የልብሱን ቋንቋ ሳይማሩ በልብሱ ላይ መፍረድ፣ መጽሐፉን ሳይገልጡ ሂስ እንደ መጻፍ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ኢኑይት ክርስቲያኖች ናቸው፤ እናቶቹም ሕፃን የሚታዘልበትን አማውቲ የተባለ ልብስ አሁንም ይሰፋሉ። እምነቱና ስፌቱ አብረው መኖር ችለዋል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት ዶርቃ የሠራችውን ልብስ ነበር። እያለቀሱ ያሳዩት ሠሪዋን ስለሚያውቋት ነው። የሙዚየም ዕቃ ጥናትም ግቡ ይህ ሊሆን ይገባዋል፤ ልብሱን ሲያሳይ የሰፋችውንም ሴት እንድናስብ ማድረግ።